የቱ ቆርቆሮ?

እትዬ መቀስ የሚሏት የእጅ ሥራዋን አይተው ብቻ አይደለም፤ ምላሷም ማንንም አይምርም ነበር። ከገበያው ጀርባ በሚያልፈው ጠባብ መንገድ፣ በብስክሌት ጠጋኙና በጫማ ሰፊው መካከል ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ቆርቆሮ ስትቆርጥ፣ ስታጥፍና ስትቀጠቅጥ ነው ፀጉሯ የሸበተው። ሙያውን ያገኘችው ከአባቷ ነው። ባሏ በሕይወት ሳለ፣ "ሌላው ሰው በዶሮ ጩኸት ይነቃል፤ እኔ በሚስቴ መዶሻ" እያለ ጎረቤቱን ያስቅ ነበር።

በዚያ ሰፈር ቆርቆሮ የማይባል ነገር የለም። የቤቱ ክዳን ቆርቆሮ ነው፤ አጥሩም ቆርቆሮ ነው። የወተት ዱቄት፣ የቲማቲም ድልህ፣ ቀለም የሚመጣበት ጣሳ ሁሉ ቆርቆሮ ነው። ስንጥቅ ለመድፈን የምታቀልጣት ቀጭን ዘንግ ራሷ ቆርቆሮ ትባላለች። ስለዚህ ደንበኛ ብቅ ብሎ "እትዬ፣ አንድ ቆርቆሮ ፈልጌ ነበር" ያለ እንደሆነ፣ ቀና ሳትል ትመልሳለች።

"የቱን ቆርቆሮ? የሚጠጣበትን፣ የሚታጠርበትን ወይስ የሚዘንብበትን?"

ጥሬ ዕቃውን የሚያመጣላት ቆራሌው የሚሉት ሰው ነበር። ጋሪውን እየገፋ በየመንደሩ ሲዞር "ቆርቆሮ ያለው!" ማለቱ ነው፤ ግን ቃሉ አፉ ውስጥ ተጨማድዶ "ቆራሌው!" ሆኖ ይወጣል። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚያውቃት ትሁት ሰው ነው። ጥሩ ጥሩውን ለይቶ መጀመሪያ የሚያመጣው ለእሷ ነበር።

ታሪኩ የተጀመረ ዕለት እትዬ መቀስ ሥራዋ ላይ ነበረች። ካለፈው ጭነት የተረፉትን የክዳን ቆርቆሮዎች መሬት ላይ ዘርግታ፣ እንደ ማዕበል ከፍ ዝቅ ያለውን ጎድጓዳቸውን በመዶሻ እየዳመጠች ነው። ራሷን ያማታል፤ ቁርሷም አልረጋላትም። "እርጅና መጣ መሰለኝ" ብላ ለብስክሌት ጠጋኙ ነግራው፣ እሱም "መጥቶ ነበር፣ ምላስሽን ፈርቶ ተመለሰ" ብሏት ተሳስቀዋል።

ሳቁ ሳያልቅ የቆራሌው ሚስት ደረሰች። ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ መሬት ይጠርጋል። በሩን ተደግፋ ትንፋሿን መሰብሰብ አቃታት።

"ምነው? ምን ሆንሽ የኔ እህት?"

"እትዬ... ባለቤቴ ሆስፒታል ነው። ሌሊቱን ሲያስመልሰው አድሮ፣ ጠዋት አረፋ ደፈቀ። ልብሱ በላብ ተነክሮ፣ ምራቁን መቆጣጠር አቅቶት..."

"ምን በላ?"

"ምንም አልበላም። ወደ ውስጥ ሲያስገቡት እጄን ያዘና 'ለእትዬ መቀስ ንገሪያት፤ ቆርቆሮው መርዝ ነበረበት' አለኝ። ከዚያ ወዲያ አልተናገረም።"

እትዬ መቀስ መዶሻውን አስቀመጠች። በዕድሜዋ ሁሉ ስትቀልድበት የኖረችው ጥያቄ አሁን ከአፏ የወጣው በሹክሹክታ ነበር።

"የቱ ቆርቆሮ?"

"እኔ ምን አውቄ! ቆርቆሮ ነው ያለኝ። ሌላ አላለኝም። ልመለስ፣ ብቻውን ነው" ብላ ሴትየዋ ሮጠች።

ቆራሌው በመጨረሻ ያመጣላት አንድ ዓይነት ዕቃ አልነበረም። የወተት ዱቄት ጣሳዎች ነበሩበት፤ እጀታ በይዳባቸው ኩባያ አድርጋቸዋለች። አራት ማዕዘን የሆነ ትልቅ የዘይት ቆርቆሮ ነበረበት፤ ቧንቧ ገጥማለት ለመዋዕለ ሕፃናቱ የመጠጥ ውሃ ማጠራቀሚያ ሆኗል። ከአንድ የፈረሰ ቤት የተነሡ የክዳን ቆርቆሮዎችም ነበሩበት፤ ከእነሱ የጣራ አሸንዳ ሠርታ ሸጣለች፤ የቀረው እግሯ ሥር ተዘርግቷል። አሸንዳና ክዳን አይበላም አይጠጣም። መርዝ ያለበት ከሚጠጣበት አንዱ መሆን አለበት ብላ አሰበች።

ከዚያ ኩባያዎቹ ትዝ አሏት። አንዱን ለሌላ ሰው አልሸጠችውም። ለልጅ ልጇ ነው የሰጠችው።

እግሬ አውጪኝ ብላ ሮጠች። ሳታስበው መቀሷን አንሥታ እንደወጣች ያወቀችው ሰው ሲሸሻት አይታ ነው፤ ኪሷ ከተተችው። ቤቷ ከሱቋ ሩቅ ባይሆንም ያን ቀን መንገዱ አላልቅ አላት። ልቧ ከደረቷ ወጥቶ ከፊቷ የሚሮጥ መሰላት።

በሩን በርግዳ ስትገባ፣ ሚጢጢ የሚሏት የሦስት ዓመቷ ልጅ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ ኩባያዋን በሁለት እጇ ይዛ ወተቷን እየጨለጠች ነበር። አፏ ዙሪያ ነጭ ጢም ሠርቶባታል። አያቷን ስታይ ፈገግ አለች።

እትዬ መቀስ ኩባያውን ከአፏ ነጥቃ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። ሕፃኗ ደንግጣ ጮኸች። አያት ልጅቷን አንሥታ እደረቷ ላይ ለጠፈቻት፤ ፊቷን በቀሚሷ ጠረገች፤ አፏን ከፍታ አሸተተች፤ እንደገና አቀፈቻት።

"እማዬ! ምን ሆነሻል? አበድሽ እንዴ?" አለች ልጇ ከጓዳ ወጥታ። የፈትል ፋብሪካ ሠራተኛ ናት፤ የከሰዓት ተረኛ ስለነበረች ገና አልሄደችም።

"መርዝ ነው! ኩባያው መርዝ ነበረበት አሉኝ። ውሰጃት! አሁኑኑ ሐኪም ቤት ውሰጃት!"

"እንዴት? ማን አለ? አንቺ አይደለሽም የሠራሽው?"

"አዎ፣ እኔ ነኝ የሠራሁት! አትጠይቂኝ፣ ሂጂ!"

የልጇ ፊት አመድ መሰለ። ሕፃኗን ነጠቀቻት። በሩ ላይ ዘወር ብላ፣ "አብረሽን አትመጪም?" አለቻት።

"ሌሎቹም ልጆች እየጠጡ ነው" አለች እትዬ መቀስ።

ልጇ፣ እትዬ መቀስ ለረጅም ጊዜ በማትረሳው አስተያየት አየቻትና ሄደች።

መዋዕለ ሕፃናቱ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። እትዬ መቀስ መኪና ሳታይ ተሻገረች፤ አንድ ሾፌር ራሱን በመስኮት አውጥቶ ያወረደባትን ስድብ አልሰማችም። ዘበኛው "የት ነው?" ሳይላት ገባች። የዕረፍት ሰዓት ነበር። ልጆቹ በሰማያዊ ሽርጥ ተሰልፈው፣ እያንዳንዳቸው ተራ እየጠበቁ ከዚያ ካማረ አራት ማዕዘን ማጠራቀሚያ ውሃ ይቀዳሉ። ልጆቹ እንዲወዱት ብላ ጎኑ ላይ በምስማር ነጥብ ነጥብ እያደረገች ዓሣ ሥላበታለች። ፊት የቆመው ልጅ ጠጥቶ ጨርሶ አፉን በክንዱ ይጠርጋል።

"አትጠጡ!"

ድምፅዋ የራሷ አልመሰላትም። ዘልላ ገብታ ማጠራቀሚያውን በሁለት እጇ ገፋችው። ከነመቀመጫው ተገለበጠ፤ ውሃው በሲሚንቶው ላይ ጎርፎ የልጆቹን ጫማ አራሰ። ጥቂቶቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። አንዲት ትንሽ ልጅ ግን የእትዬ መቀስን ፊት አይታ ማልቀስ ጀመረች፤ ከዚያ ሁሉም ተከተሏት።

ርዕሰ መምህሯ እየሮጡ መጡ። "ምን ሆነዋል እናቴ? ልጆቹን እኮ አስደነገጧቸው!"

"ቆርቆሮው መርዝ ሳይኖርበት አይቀርም። አላውቅም... እርግጠኛ አይደለሁም። ግን እንዳይጠጡ።"

"ሲጠጡ ነው የሰነበቱት!" አሉ ርዕሰ መምህሯ። ድምፃቸው መሃል ላይ ተሰበረ። "እርስዎን አምነን እኮ ነው!"

እትዬ መቀስ ዓይኗን አሸች፤ ነገሩ ሁሉ ጭጋግ ለብሶ ይታያታል። እንባ ነው አለች በልቧ። መምህራኑ ልጆቹን አንድ በአንድ እየጠሩ "ሆድህን ያምሃል? አንቺስ?" ሲሉ፣ ልጆቹም ትኩረት ማግኘቱ ጥሟቸው ሁሉም "ያመኛል!" አሉ። ርዕሰ መምህሯ ሐኪም ጠሩ። እሷም ወጣች።

የቀሩት ኩባያዎች የተሸጡት ጥጉ ላይ ላለው ባለሱቅ ነበር። ሱቁ ስትደርስ ከአንዱ በቀር ሁሉም ከበሩ በላይ በገመድ ተንጠልጥለው ይወዛወዛሉ።

"አንዱ የት ሄደ?"

"የቱ? ኩባያው? እኔ ነኝ የወሰድኩት" አለ ባለሱቁ ከመደርደሪያው ሥር አንሥቶ እያሳያት። "ውሃ ያቀዘቅዛል ልበልሽ! ምነው፣ ልትመልሽው ነው? ከሸጥሽ በኋላ መመለስ የለም።"

ነገረችው። ባለሱቁ በመጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ከዚያ ጣቱን ጉሮሮው ውስጥ ከትቶ ወደ ጓሮ ሮጠ። ከመጋረጃው ኋላ ሲታገል፣ "እግዚኦ! ገና ትዳር እንኳ አልያዝኩም!" ሲል ይሰማታል። ሌላ ቀን ቢሆን ኖሮ ይህን ወሬ ለዓመት ትተርከው ነበር። ያን ዕለት ግን ኩባያዎቹን ከነገመዳቸው በጥሳ አቅፋቸው ወጣች።

መንገድ ላይ ሰው ያያታል። እሷ ግን ሰው ሁሉ የሰማ መሰላት። ገና አንድም ሰው ሳይሞት፣ የሞተው ልጅ እናት ከፊቷ ቆማ "እጅሽ ይቆረጥ" ስትላት ታያት ነበር። ላብ በጀርባዋ ይወርዳል፤ አፏ ምራቅ ይሞላል፤ እየደጋገመች ትተፋለች። እጇ ኩባያዎቹን እስኪያንቃጭል ድረስ ይንቀጠቀጣል። ፍርሃት እንዲህ ያደርጋል ብላ አልተገረመችም። እንዲህ ፈርታ አታውቅምና።

ስልኳ ጮኸ፤ ልጇ ናት።

"እማዬ፣ ሐኪሙ ምንም አላየባትም። ግን የመርዙን ዓይነት ካላወቅን ገና እርግጠኛ መሆን አይቻልም፣ ትቆይ አለኝ። ምን ዓይነት ነው?"

"እጠይቃለሁ" አለች። ከዚያ በኋላ ወደ ቆራሌው ከመሄድ ሌላ ምርጫ አልነበራትም።

ሆስፒታሉ አልጋዎች በረድፍ የተደረደሩበት ሰፊ ክፍል አለው። ቆራሌው መጨረሻው አልጋ ላይ ተኝቷል፤ ክንዱ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶለታል። ከንፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሚስቱ እግሩን ትደባብሳለች። እትዬ መቀስ ኩባያዎቹን እወለሉ ላይ ለቀቀቻቸው፤ ጩኸታቸው የክፍሉን በሽተኞች ሁሉ ቀና አደረገ።

"ወንድሜ፣ ስማኝ። የቱ ነው? ኩባያው ነው? የዘይቱ ነው? የቱ ቆርቆሮ ነው?"

ቆራሌው ዓይኑን ገለጠ። ራሱን ግራ ቀኝ ወዘወዘ።

"ክዳኑ" አለ።

"የቱ ክዳን? የጣሳው ክዳን?"

"የቤቱ... የቤቱ ክዳን። የፈረሰው ቤት የተባይ መድኃኒት መጋዘን ነበር። እኔ አላወቅኩም፤ ትናንት ማታ ነው የመጋዘኑ ዘበኛ የነገረኝ። ዱቄቱ በቆርቆሮው ጎድጓዳ ውስጥ ጋግሮ ነበር። እኔ ሲሚንቶ መስሎኝ... በእጄ እያራገፍኩ ነው የጫንኩት። የቀረውን ቤቴ አስቀምጬ ትናንት ሳራግፍ ነው የዋልኩት።"

እትዬ መቀስ እልል ልትል ምንም አልቀራት። ኩባያ አይደለም! ማጠራቀሚያው አይደለም! ሚጢጢም፣ እነዚያ ሰማያዊ ሽርጥ ለባሾችም ምንም አልነካቸውም። ደስታው ግን አፏ ሳይደርስ ተመለሰ። ያንን ሰሞኑን ሁሉ ስትዳምጠው የከረመችውን፣ በእያንዳንዱ ምት ግራጫ አቧራ የሚተፋውን፣ አቧራውን በአፏ እፍ እያለች የምታባርረውን የክዳን ቆርቆሮ አሰበች። ቀሚሷን ቁልቁል አየችው። ጉልበቷ ላይ፣ ደረቷ ላይ፣ እጅጌዋ ላይ ግራጫ ነበር።

በዚህ ቀሚስ ነው የልጅቷን አፍ የጠረገችው። ከዚህ ደረት ላይ ነው የለጠፈቻት።

አንዲት ነርስ ለቆራሌው መርፌ ይዛ መጥታ ነበር። የእትዬ መቀስን ፊት ስታይ መርፌውን አስቀመጠች።

"እናቴ፣ እስቲ ወደ ብርሃን ዞር ይበሉ። ዓይንዎ... ብሌኑ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠቧል። ላቡ ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ፈርቼ ነው" አለች እትዬ መቀስ።

"ፍርሃት ብቻ አይደለም" አለች ነርሷ።

ከዚያ ወዲህ ያለው ፈጣን ነበር። ይዘዋት ገቡ፤ ቀሚሷን በመቀስ ቀደው አወለቁላት፤ በሳሙናና በብዙ ውሃ አጠቧት፤ ፀጉሯን ሳይቀር። እሷ ግን ስለ ራሷ አልጠየቀችም። "ስልኬን ስጡኝ! ስልኬን!" እያለች ትጮሃለች። ልጇን አገኘቻት።

"ክዳኑ ነው፤ የተባይ መድኃኒት ነው በያቸው! ከኩባያው አይደለም፣ ከቀሚሴ ነው! ልብሷን አውልቂው፤ እጠቢያት! የራስሽንም አውልቂ!"

"እማዬ፣ አንቺ የት ነሽ?"

"እጠቢያት ነው የምልሽ!"

ስልኩን ስትዘጋ በመስኮቱ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ አየች። ያን ጊዜ አሸንዳው ትዝ አላት። የገዙት ጋሼ ጡረታ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፤ የቧንቧ ውሃ ይሸተኛል ብለው ከዝናብ ውሃ በቀር የማይጠጡ ሰው። አሸንዳው ከተሰቀለ ወዲህ ገና አልዘነበም ነበር። ብስክሌት ጠጋኙ ዘንድ ደወለች። ክንዷን ለመርፌ እየሰጠች፣ ምላሷ እየተሳሰረ ነገረችው።

"ቶሎ ድረስ። በባዶ እጅህ እንዳትነካው።"

"ገባኝ እትዬ። አታስቢ" አለ እሱ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልድ።

መርፌውን ከተወጋች በኋላ አፏ እንደ ገለባ ደረቀ፤ ልቧ ጋለበ፤ ፊቷ ነደደ። ዝናቡ የሆስፒታሉን ክዳን መደብደብ ጀመረ። እያንዳንዱ ጠብታ በአሸንዳው ወርዶ በጋሼ ጡረታ ብርጭቆ ውስጥ ሲገባ ይታያታል። ልትነሣ ብትሞክር ነርሷ ትከሻዋን ያዘቻት። ምንም ማድረግ ሳይችሉ ተኝቶ መጠበቅ፣ ስትሮጥ ከዋለችው ፍርሃት ሁሉ የባሰ ሆነባት። ሚጢጢን ብላ ታለቅሳለች፤ ጋሼን ብላ ትጸልያለች፤ ሁለቱ ይደባለቁባታል።

አመሻሹ ላይ ልጇ ደወለች። ሕፃኗ ታጥባለች፤ መርምረዋታል፤ ለጥንቃቄ ብቻ ትደር ተብሏል። "ምንም አልሆነችም እማዬ። ሰማሽ? ኩባያዬን አያቴ ወረወረችው እያለች ክስ ታሰማለች።" እትዬ መቀስ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እስከ መጨረሻው አዳመጠች።

ብስክሌት ጠጋኙ ራሱ መጣ፤ ከራስ እስከ እግሩ በስብሷል፤ ግንባሩ ላይ ትልቅ እባጭ አለ።

"ደረስክ?"

"ደርሻለሁ። እጄን በፌስታል ጠቅልዬ፣ መሰላል ላይ ወጥቼ አሸንዳውን ስነቅል ጋሼ ሌባ መሰልኳቸው። ከዘራቸውን እንዴት እንደሚያነሡት ብታዪ! ለማስረዳት ዘወር ስል ነው እዚህ ጋ ያገኙኝ። ዝናቡ የጀመረው አሸንዳው መሬት ከወረደ በኋላ ነው። በርሜሉንም አስደፋሁት፤ ጋሼ እስከ አሁን እየተራገሙኝ ነው።"

"እጅህንስ ታጠብክ?"

"ነርሷ ስትገባ ጀምራ እያጠበችኝ ነው፤ ቆዳዬ ሊያልቅ ነው።"

እትዬ መቀስ ልትስቅ ፈልጋ አለቀሰች።

ከጤና ቢሮ የመጡ ሰዎች አፋቸውን ሸፍነው የሱቋንም የቆራሌውንም ቤት ቆርቆሮ በላስቲክ ጠቅልለው ወሰዱ፤ ወለሉን አጠቡ፤ በሩን አሽገው ሄዱ። የመንገዱ ሰው ከማዶ ቆሞ ያይ ነበር። እሷ ከሆስፒታል ወጥታ በዚያ ስታልፍ አንዳንዱ "እግዜር ማረሽ" አላት፤ አንዳንዱ ልጁን ወደ ቤት አስገባ። መዋዕለ ሕፃናቱ ላስቲክ ማጠራቀሚያ ገዛ። ርዕሰ መምህሯ ግን ሊጠይቋት ቤቷ መጥተው፣ "ልጆቹ ደኅና ናቸው። ያን ቀን ባይመጡ ኖሮ፣ ይቅርታ አላደርግልዎትም ነበር" አሏት። ባለሱቁ ሰላም ማለት የጀመረው ቆይቶ ነው።

ቆራሌው ዳነ፤ ነገር ግን ትንፋሹ አጠረ፣ ጋሪ መግፋት አልቻለም። አሁን የምትገፋው ሚስቱ ናት። እትዬ መቀስም ሱቋ ከተከፈተ በኋላ ለብዙ ጊዜ መቀስ መያዝ አልሆነላትም። ጣቶቿ ሲንቀጠቀጡ፣ የመድኃኒቱ ቅሪት ይሁን ፍርሃቱ መለየት አልቻለችም። ልጇ "በቃሽ፣ እኔ እበቃሻለሁ" ብትላትም፣ "ምን ልሥራ? ቤት ተቀምጬ ካንቺ ጋር ልጨቃጨቅ?" ብላ መለሰችላት።

አንድ ጠዋት የቆራሌው ሚስት ጋሪዋን ደጇ ላይ አቆመች። የተደራረቡ ጣሳዎች ይዛለች። እትዬ መቀስ ከወንበሯ አልተነሣችም።

"ከየት ነው?" አለች።

"እነዚህ ከዳቦ ቤቱ ናቸው፤ የቅቤ ናቸው። እነዚያ ከምግብ ቤቱ፤ የድልህ ናቸው።"

"ያቺ ሰማያዊዋስ?"

"እሷን... እሷን መንገድ ላይ ነው ያገኘኋት።"

"መልሻት። ለሚያስወግዱት ሰዎች ስጪያቸው፤ እኔ ቤት አትግባ።"

ሴትየዋ በእንጨት ጫፍ አንሥታ ለብቻ አስቀመጠቻት። ከዚያ ከሽርጧ ኪስ ሁለት ጥንድ የላስቲክ ጓንት አወጣች፤ አንዱን አቀበለቻት።

"እኔም እፈራለሁ እትዬ" አለች። "አብረን እንጠባቸው።"

ጓንቱ ሰፍቷት ጣቶቹ ላይ ይንጠለጠላል። እትዬ መቀስ አንዱን የድልህ ጣሳ አነሣች፤ ውስጡን አየች፤ በሩቁ አሸተተች፤ ደጋግማ አሸተተች። ከዚያ ባልዲው ውስጥ አስገብታ መፈተግ ጀመረች።